በክርክር ክበባችን የሚያሸንፈው ጭብጨባ የበዛለት ነው፤ ምን ይሻላል?

መምህር ከአዳማ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። የክርክር ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ መድረክ አይፈሩም። እኔን የሚያስጨንቀኝ አንዱ የሌላውን አለመስማቱ ነው።

በቅርቡ ያነሳነው ርዕስ የነዳጅ መኪና እገዳው ነበር። መንግሥት በጥር 2016 ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ማለቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም? በየቤቱ የሚወራ ነገር ስለሆነ ነው የመረጥኩት። ደጋፊዎቹ ተነሱ። ነዳጅ የምንገዛው በዶላር ነው፣ መብራቱ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው፣ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ነው አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በምን ቻርጅ ይደረጋል፣ ከከተማ ራቅ ሲባል ማን ይጠግነዋል አሉ። ሁለቱም ወገን ጥሩ ነጥብ ይዟል። ግን ማንም ለማንም አልመለሰም። አባቱ ሚኒባስ የሚነዳ አንድ ልጅ ስለ ቤታቸው ገቢ መናገር ሲጀምር፣ ከወዲያ በኩል «አንተ ለአገር አታስብም!» ተባለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ክርክሩም በዚያው አለቀ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ክበቡ አልመጣም።

አሁን ወገኑን በዕጣ ላድርገው እያልኩ ነው። ዕጣው ከደረሰው የማያምንበትንም ይዞ ይከራከራል። ይህን የሰሙ አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጥተው «ልጄን ያላመነበትን ማናገር ውሸት ማስተማር አይደለም ወይ?» አሉኝ። እንዲሁ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ዕጣው ልክ ነው? አሸናፊውስ በምን ይለይ? ለዋንጫ ብዬ አይደለም የምጠይቀው። እነዚህ ልጆች ነገ እድር ላይ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ምናልባትም ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጠው በሰው ኑሮ ላይ የሚወስኑ ናቸው።

ጡረተኛው ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ

መምህር፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ከዕጣው ልጀምር። በሥራ ዘመኔ ችሎት ከመግባቴ በፊት የባላጋራዬን ክርክር የራሴን ያህል አጠና ነበር። እሱ የሚለውን ካላወቅሁ ምኑን እመልሳለሁ? ውሸት የሚሆነው ፍሬ ነገር ሲፈጠር ነው። ለእናትየዋ እንዲህ በላቸው፦ ልጅዎ ያለውን ማስረጃ ከወዲያኛው በኩል ቆሞ ያየዋል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ታዳሚውም ወገኑ በዕጣ መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው። የተነገረው ሰው አልተታለለም።

ትልቁ ነገር ግን ጭብጥ ነው። በፍትሐ ብሔር ሙግት ዳኛው ሁለቱን ወገን ከሰማ በኋላ የታመነውን ከተካደው ይለያል። አንዱ ያለውን ሌላው ካመነለት እዚያ ላይ ክርክር የለም። ጭብጥ የሚያዘው አንዱ «ነው» ሌላው «አይደለም» ባለው ላይ ነው፤ ማስረጃም የሚሰማው በዚያው ላይ ነው። እስቲ የልጆችህን ክርክር በዚህ እየው። ነዳጅ በዶላር እንደሚገዛ ማን ካደ? መብራት እንደሚቆራረጥስ? ማንም። አዳራሹ ውስጥ የተጮኸው ሁለቱም በሚያምኑት ነገር ላይ ነው። ያልተስማሙት እገዳው በአንዴ ይሁን ወይስ በደረጃ፣ ሸክሙንስ ማን ይሸከም የሚለው ላይ ይመስለኛል። ጥያቄው ይህ ቢሆን ኖሮ የሾፌሩ ልጅ የተናገረው ዋና ማስረጃ ይሆን ነበር።

ከአባቶች ሙግትም የሚወሰድ አለ። «ተጠየቅ» የተባለ ሰው «ልጠየቅ» ብሎ ይቆማል፤ ዝም ብሎ ወደ ራሱ ነገር ማለፍ የለም። በርግጥ አንደበቱ የሰላ ሰው እውነት የያዘውን የሚረታበት ጊዜ ነበር፤ ያንን አትውሰድ። በዙፋን ችሎት ደግሞ አስተያየት የሚሰጠው ከታች ነበር የሚጀምረው። ትንሹ ሹም ይቀድማል፣ ትልልቆቹ ይከተላሉ፣ ንጉሡ መጨረሻ ይፈርዳል። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ምን አፍ ይኖረዋል? አንተም መጨረሻ ተናገር። የ9ኛ ክፍሎቹ ከ12ኛዎቹ ይቅደሙ።

የጋራዥ ሰው፣ አዲስ አበባ

ስለ ልጁ ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር ነው የምሠራው፤ እገዳው እንጀራዬን ይነካል። ግን እውነቱን ልናገር፤ የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። ባለቤቱ ጋራዥ የሚመላለስበት ምክንያት ይቀንሳል። ለእሱ ይህ ጥቅም ነው፤ ለእኔ ደግሞ ያጣሁት ሥራ ነው። አንዱ ነገር ራሱ ከሁለቱም ወገን ይቆጠራል። ስለዚህ ልጆቹ «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» ከማለታቸው በፊት «ለማን?» ይበሉ።

መምህር፣ ከክርክሩ በፊት ልጆቹን ውጭ ላካቸው። አንዱ ቡድን ታክሲ ተራ ይሂድ። ሌላው ኤሌክትሪክ የገዛ ሰው ፈልጎ ያናግር፤ የት ነው ቻርጅ የምታደርገው፣ ክፍለ ሀገር ስትሄድ እንዴት ነው፣ ባትሪው ቢደክም ምን ታደርጋለህ ብሎ ይጠይቅ። ደጋፊው ተቃዋሚውን፣ ተቃዋሚው ደጋፊውን ሄዶ ያናግር። ሰውየውን በዓይኑ አይቶ የመጣ ልጅ «አገር አትወድም» ለማለት አፉ አይደፍርም። ያንን ልጅ ደግሞ እባክህ ፈልገው።

እናት ከሜሪላንድ

ሰላም መምህር። ልጄ እዚህ የትምህርት ቤቷ ክርክር ቡድን ውስጥ ስላለች እኔም ውድድር ሲኖር ከወላጅ ዳኞች ጋር እቀመጣለሁ። ወገን የሚለዋወጥ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ውስጥ ጠዋት ደጋፊ የነበረው ከሰዓት ተቃዋሚ ይሆናል። ልጄ ተጎድታበት አላየሁም። እንዲያውም ቤት ውስጥ እኔን መስማት ጀምራለች።

ስንዳኝ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። በአንድ ዓምድ የዚህ ወገን ነጥብ፣ ጎኑ ላይ የወዲያኛው መልስ። መልስ ያላገኘ ነጥብ እንደጸና ይቆጠራል። ይህን ታዳሚዎቹ ተማሪዎችም ይጻፉ፤ እጅ ሲጽፍ ጭብጨባው ይቀንሳል። ሌላው ዘዴ ድምፅን ሁለቴ መሰብሰብ ነው። ቶሮንቶ የሚካሄዱት የመንክ ክርክሮች እንዲህ ያደርጋሉ። ታዳሚው ሳይጀመር ድምፅ ይሰጣል፣ ሲያልቅም ይሰጣል፤ አሸናፊው ብዙ ሰው ወደ ራሱ ያመጣው ወገን ነው።

አንድ ነገር ግን ከእኛ እንዳትወስድ። እዚህ አንዳንዱ ውድድር ላይ ልጆች ነጥብ ለማብዛት ሲሉ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው በፍጥነት ያወራሉ። አሥር ደካማ ነጥብ አንድ ጠንካራ ነጥብ አያክልም። ቢቻል ለአንድ ወገን ሦስት ነጥብ ብቻ ፍቀድ።

የጤና ባለሙያ፣ ደቡብ ጎንደር

የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ነገር አለ፤ «ሁለቱን ወገን እንስማ» የሚለው ቃል ያለቦታው ሲገባ። ያለዕድሜ ጋብቻን ለመከላከል ቤት ለቤት ስንሄድ «የእኛም ሐሳብ አለና እኩል ይመዘን» የሚል ሽማግሌ አጋጥሞኛል። የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ገና በልጅነቷ ለምትወልድ ልጅ ምጥ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ እኛ በዓይናችን እናየዋለን። መመዘን ማለት ግማሽ ለግማሽ ማካፈል አይደለም። መዝነን አንዱ ወገን ከብዶ ከተገኘ ከብዷል እንበል። እንዲህ ዓይነቱን ርዕስ «ይሁን ወይስ አይሁን» ብለህ ለልጆች አትስጥ። «ወላጆችን በምን እናሳምን፣ በቅጣት ወይስ በትምህርት?» ብትል ግን እውነተኛ ክርክር ነው።

መምህር ከአዳማ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እህቴ ከደቡብ ጎንደር፣ ያልሽውን ተቀብያለሁ፤ በርዕስ ዝርዝሬ ውስጥ ሊወጣ የሚገባው አንድ አለ፣ አወጣዋለሁ። ወንድሜ ባለ ጋራዡ፣ ልጁን አግኝቼ አነጋግሬዋለሁ፤ ታክሲ ተራ የሚሄደውን ቡድን እንዲመራ ጠይቄዋለሁ። ዕጣውን እንጀምራለን፣ ሦስት ነጥብ ብቻ፣ ድምፅም ሁለቴ። የእገዳውን ርዕስ «በአንዴ ወይስ በደረጃ» ብለን እንደገና እናነሳዋለን።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጭብጡን ማን ይያዝ? እኔ ወይስ ራሳቸው?

ጡረተኛው ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ

ራሳቸው ይያዙት። ከክርክሩ በፊት ከየወገኑ ሁለት ሁለት ልጆች ይቀመጡና የሚተማመኑበትን ጽፈው ይፈርሙበት። የተፈረመው ወረቀት መድረክ ላይ ይነበብ፤ በዚያ ላይ ተመልሶ የሚከራከር ነጥብ ይቀነስበት። የቀረውን አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፉት። አንተ የምትገባው ጥያቄውን መጻፍ ካቃታቸው ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ያቅታቸዋል፣ አትቸኩልባቸው።