የድሬ ፀሐይ ቧንቧውን እያጋለው ነው፤ ቢሸፈን ለመጠጥ ይሻላል?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነው የምንኖረው። ከሮቶው እስከ ኩሽና ያለው ቧንቧ ጣሪያና ግድግዳ ላይ ስለተዘረጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ከሰዓት ሲከፈት ውሃው ከመጋሉ የተነሳ የሻይ ቅጠል መጨመር ብቻ ነው የቀረው! ደሞ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። ልጆቹ የሚጠጡት ከዚያው ነው። ጎረቤቴ ማዳበሪያ ጠቅልይበት አለችኝ። ቧንቧ መሸፈን ለጤና ይጠቅማል ወይስ ብር ማባከን ነው?

ሳኒተሪው፦
አቦ ማዳበሪያውን ተዪው። ፀሐዩ ብትንትኑን ያወጣዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እርጥበት ይዞ ይቆይና ቧንቧሽ የብረት ከሆነ ከስር ዝገት ይበላዋል። ኤሲ የሚገጥሙ ልጆች ቱቦው ላይ የሚያለብሱት ጥቁር ስፖንጅ አለ፣ እሱን በቧንቧው ውፍረት ልክ ግዢ። በጎኑ ሰንጥቀሽ ታለብሺዋለሽ፣ ስንጥቁን ወደ ታች ታዞሪዋለሽ፣ ከላይ ብርማውን የአሉሚኒየም ፕላስተር ትጠመጥሚበታለሽ፤ አለዚያ ስፖንጁንም ፀሐይ ያፈረካክሰዋል። ሰው የሚሰንፈው መታጠፊያውና ቫልቩ ጋ ነው፤ እነሱንም አልብሻቸው። ከማልበስሽ በፊት መገጣጠሚያውን ሁሉ በደረቅ ሶፍት እየነካሽ እይው። የሚያንጠባጥብ ከተሸፈነ ማን ያየዋል?

ጤና ይስጥልኝ፦
ስለ ጤናው ልጨምር። ውሃ ሲሞቅ ክሎሪኑ ቶሎ ያልቃል፣ ጀርም ለመራባት ይመቸዋል። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ነው የሚመቸው፤ እሱ እንኳ በብዛት የሚይዘው የሻወር ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀዝቃዛ ውሃ ከ25 ዲግሪ በታች፣ ቢቻል ከ20 በታች ይሁን ይላል። ድሬ ላይ 20 ህልም ነው፣ እንተወው። ስፖንጅ ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፣ ሮቶው ራሱ ፀሐይ ላይ ከተሰጣማ ቧንቧው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ለሮቶው ጥላ ሥሪለት፣ ክዳኑም በደንብ ይገጠም። የቆሸሸ ውሃ ደግሞ በሽፋን አይጠራም፤ ለልጆቹ አፍልተሽ ወይ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ ጨምረሽ ስጫቸው።

ባለፈረቃ፦
ሁላችሁም ጣሪያ ጣሪያውን ታያላችሁ! ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለውስ? የእኛ ሰፈር ቧንቧ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ውሃ ሲጠፋ ግፊቱ ይወርዳል፣ ስንጥቅ ካለ የቦዩ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቧንቧውን ከቦዩ አውጥቶ በንጹሕ አፈር መቅበር ከስፖንጅ ይቀድማል፣ ከፀሐይም ይገላግላል።

ሳኒተሪው፦
እውነቱን ነው። የሳቢያኗ፣ ያ የላስቲክ ሽታ ግን አልተመቸኝም። ቧንቧው ፒፒአር (ለውሃ መስመር የሚሆነው ጠንካራ ፕላስቲክ) ነው ወይስ የአትክልት ጎማ ቀጥለውበታል?

የሳቢያኗ፦
ወጥቼ አየሁት። ኩሽና ሊደርስ ሲል ሰማያዊ ጎማ ነው፣ በሽቦ የታሰረ።

ሳኒተሪው፦
በይ እሱን ዛሬውኑ አስነቅይው፣ ለመጠጥ የተሠራ አይደለም። ስፖንጁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።