ልጄ ለትምህርት ቤቷ ልሩጥ ትላለች፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦ አንዲት እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከአዲስ አበባ ከመጣን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ልጄ እዚያ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር፤ እዚህ ስትገባ ግን ለእንግሊዝኛው ሲባል ዘጠነኛን ድገሚ ተባለች። አሁን አሥረኛ ልትገባ ነው። የትምህርት ቤቷ አገር አቋራጭ ሩጫ ቡድን ውስጥ ልግባ እያለች ሌት ተቀን ትነዘንዘኛለች። አባቷ «እዚህ የመጣነው ለትምህርት ነው» ይላል። ዘመድ ደግሞ «ደሟ ነው፣ ይቺ ልጅ ስኮላርሺፕ ታመጣለች» ይላል። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። የሚያውቅ ይምከረኝ።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ አስገቢያት። ምክንያቴ ግን ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

እኔ የዚህን አገር የትምህርት ቤት ስፖርት የወደድኩት ፓርኪንግ ቤት ውስጥ ነው። የመጣሁት በ2005 ነው፤ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ልጻፋቸው። ዲሲ መሃል ከተማ ጋራዥ ውስጥ ቲኬት እቆርጥ ነበር። ያኔ ኳስ ሲባል ለእኔ እግር ኳስ ብቻ ነው። በ2006 መጋቢት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ የሚገባው መኪና ሁሉ አረንጓዴና ወርቃማ ባንዲራ አንጠልጥሏል። እዚሁ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በየመጋቢቱ በሚደረገው የኮሌጆች አገር አቀፍ ውድድር ከኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ጋር ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ነው። በየምድቡ ቡድኖቹ እንደ ጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ኮኔቲከት በምድቡ አንደኛ ተብሎ የተመደበ ቡድን ነው። ጆርጅ ሜሰን 11ኛ።

አብሮኝ የሚሠራው ያገሬ ልጅ ማታ ማታ እዚያው ጆርጅ ሜሰን ይማር ነበር። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ እንደቆመ ቀረ። መደበኛው ሰዓት እኩል ለእኩል አለቀ። ጭማሪ ተጫወቱ። 86 ለ 84 ጆርጅ ሜሰን አሸነፈ። ልጁ ከቲኬት ቤቱ ወጥቶ አለቀሰ። ቀን ሠርቶ ማታ ተምሮ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ልጅ ነው፤ ግቢው ውስጥ አንድ ጓደኛ እንኳ አልነበረውም። ያን ቀን ግን «አሸነፍን!» አለ። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ሐበሻ የዚህን አገር ነገር «እኛ» ብሎ ሲጠራ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጋቢት ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም። በ2018 ባልቲሞር አጠገብ ያለው ዩኤምቢሲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ፣ የእኛ ልጆችም የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ 16ኛ ተብሎ ገብቶ አንደኛ የተባለውን የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን 74 ለ 54 ሲጥል ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ጮኬ ጎረቤት አንኳኳብኝ። በወንዶቹ ውድድር 16ኛው አንደኛውን ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን የኮሌጁ ስፖርት ተለውጧል። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ይህን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ሰው ስታዲየም የሚሞላው እነሱን ሊያይ ነው። በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው፣ እያንዳንዳቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአትሌቶቻቸው ማካፈል ጀመሩ። አብዛኛው ገንዘብ የአሜሪካን ፉትቦልና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ኪስ ይገባል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ተጫዋቹ በትምህርቱ እስካልወደቀ ድረስ አንድ ዓመት ከጨዋታ ሳይቀመጥ በየዓመቱ ትምህርት ቤት መቀየር ይችላል። ትንሹ ትምህርት ቤት ትልቁን ሲጥል ዕልል ይባላል፤ በማግስቱ ግን ትልቁ መጥቶ ልጆቹን ይወስዳቸዋል። ለተጫዋቹ ጥሩ ነው። እንደ ደጋፊ ግን ያንገበግበኛል።

ከዚያ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያው ስምምነት የገቡበት ትምህርት ቤቶች የቡድን አባላትን ቁጥር እንዲገድቡ ያስገድዳል። ለአገር አቋራጭ 17 ሯጭ ነው። ድሮ ያለ ስኮላርሺፕ በገዛ ፍላጎቷ መጥታ፣ ሦስት ዓመት ከኋላ ሮጣ፣ በአራተኛው የምትሰለፍ ልጅ ነበረች። ለእሷ የሚተርፈው ቦታ ጠበበ።

ሃይስኩሉ ግን አሁንም የልጆቹ ነው። አገር አቋራጭ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ቅርጫት ኳስ ብትሞክር ተፈትና ልትባረር ትችላለች፤ እዚህ አብዛኛው ትምህርት ቤት የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። አቆጣጠሩንም ልንገርሽ። ለአንድ ቡድን ሰባት ልጆች ይሮጣሉ፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት የወጡበት ደረጃ ይደመራል፣ ትንሽ ድምር ያለው ያሸንፋል። አንደኛ የወጣችው 1 ነጥብ ናት፤ 60ኛ የወጣችው 60። ስለዚህ አንድ ኮከብ ብቻዋን ቡድን አታሸንፍም። ውድድሩ የሚወሰነው አምስተኛዋ ልጅ ላይ ነው።

የእኔ ልጅ አምስተኛዋ ነበረች።

የሜሪላንድ የግዛት ሻምፒዮና ለዓመታት የሚካሄደው ከባልቲሞር በስተሰሜን ሄርፎርድ በሚባል ሃይስኩል ነው። እዚያ ዘ ዲፕ የሚሉት ቦታ አለ። ቁልቁል ትወርጂና እግርሽ ሳያርፍ ወዲያው ዳገት ነው፤ እንጦጦን የወጣ ሰው ያውቀዋል። ኅዳር ነበር፣ ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ባለቤቴ ነጠላዋን በጃኬቷ ላይ ደርባ ገመዱ ዳር ቆማለች። ልጄ ከታች ብቅ ስትል ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ደረቷ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ መርፌ ቁልፍ ብቻ ተንጠልጥሎ ይውለበለባል። አጠገቤ አንድ የማላውቀው ነጭ ሽማግሌ ቆሟል፤ የልጅ ልጁ ከልጄ ጋር ነው የምትሮጠው። የልጄን ስም አጣሞ፣ ግን ከእኔ በላይ ጮኾ ጠራት። ዳገቱ ላይ ሁለት ልጆች አለፈች። አሰልጣኛቸው መድረሻው ላይ በእርሳስ ሲደምር ቆይቶ በአንድ ነጥብ ብልጫ ሰባተኛ እንደወጡ ነገራቸው። ሰባተኛ! ዋንጫ የለው ሜዳሊያ የለው። ልጆቹ ግን ጭቃው ላይ ተቃቅፈው ተንከባለሉ፣ የእኔዋም መሃላቸው ናት።

አሁን ወደ «ደሟ ነው» ልምጣ። እባክሽ ይህን ቃል ከቤትሽ አስወጪው። ወንዱ ልጄ ዋና ነበር የሚወደው። ስሙን ያየ መምህር ሁሉ «ትሮጣለህ አይደል?» ይለዋል። ዘመድ ደግሞ ኃይሌን ያነሳበታል። ልጁ ሩጫ የሚባል ነገር ጠላ። ሰላሳኛ ወጥታ ደስ ብሏት የመጣችን ልጅ «እንዴት ኢትዮጵያዊት ሆነሽ?» ማለት ግፍ ነው።

አባቷን ለማሳመን ግን የያሬድ ንጉሤን ታሪክ ንገሪው። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እሱ ያደገው ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ነው። ለሃይስኩሉ ሮጦ ኖትር ዴም ገባ፣ ባዮኬሚስትሪ ተማረ። በ2019 በ1500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሲሆን ከሁለተኛው የበለጠው በጥቂት የሰከንድ ሺኛ ነው። ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በ3:27.80 ነሐስ አገኘ፤ ብሩ የሄደው በ3:27.79 ነው። ቅርብሽ ደግሞ ኤርትራዊቷ ወይኒ ከላቲ አለች። በ2014 ለወጣቶች ውድድር መጥታ ቀረች፣ እዚሁ ሊስበርግ ቨርጂኒያ ሃይስኩል ተማረች፣ በ2019 ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሮጣ የኮሌጆችን አገር አቋራጭ አሸነፈች። ሁለቱም ከመማርና ከመሮጥ አንዱን ምረጡ አልተባሉም።

ስኮላርሺፑን በተመለከተ ሐቁን ልንገርሽ። እስከ 2025 ድረስ በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛ ደረጃ፣ ዲቪዚዮን አንድ በሚባለው፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ሩጫና የሜዳ ተግባራት በሙሉ የነበረው ጣሪያ 18 ስኮላርሺፕ ነው፣ ለወንዶች 12.6። ያንን ነው ለበርካታ አትሌቶች ቆራርሰው የሚያከፋፍሉት። አሁን ስምምነቱን በገቡት ትምህርት ቤቶች ጣሪያው በቡድን ቁጥር ተተክቷል፤ ገንዘቡን የሚወስነው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። ሦስተኛው ደረጃ፣ ዲቪዚዮን ሦስት፣ በሙሉ እና እነ ሃርቫርድ ያሉበት አይቪ ሊግ ለስፖርት ብሎ ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ በቤተሰብ ገቢ የሚሰጡት እርዳታ ግን ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት ከስፖርቱ ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። እዚያ የሚያስገባው ደግሞ ግሬድ ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አጣሪ። ልጅሽ ዘጠነኛን ሁለቴ ተማረች ብለሻል። ለዲቪዚዮን አንድ የሚያስፈልጉት 16 ዋና ዋና ኮርሶች በአራት ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው፤ አራቱ ዓመት የሚቆጠረው ዘጠነኛ ክፍልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀመረችበት ቀን ነው። አዲስ አበባም ይሁን የትም። ለሃይስኩሉ ውድድር ራሱ ብዙ ግዛቶች የሴሚስተርና የ19 ዓመት ዕድሜ ገደብ አላቸው። የአዲስ አበባውን ትራንስክሪፕት አስመጪ። ለጀማሪ እንግሊዝኛ የሚሰጠው ክፍልም አብዛኛውን ጊዜ ከ16ቱ አይቆጠርም። የልደት ቀኗ ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተሳስቶ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ አስተካክሉት። የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊ ቀጠሮ ጠይቂና እነዚህን አንድ በአንድ አንሺበት።

የቀረው ቀላል ነው። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ስለሆነ የእሑዱን ቅዳሴ አይነካም። ልምምዱ የሚጀመረው ግን ነሐሴ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። የምትጾም ከሆነ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሴት ሯጮች ብረት ስለሚያንሳቸው ሐኪሙ ፌሪቲኗን፣ ማለትም በሰውነቷ የተጠራቀመውን የብረት መጠን፣ እንዲያይላት ጠይቂው።

አስተያየት፦ አንድ አባት፣ ከአትላንታ

ወንድሜ፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ እኔ ግን የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። ልጄን ቅርጫት ኳስ ብሎ አንድ ክለብ ወሰደው። በየሳምንቱ ሌላ ግዛት፣ ሆቴል፣ መመዝገቢያ። ሦስት ዓመት ገንዘቤን በላው። ኮሌጅ አልጠራውም፣ ግሬዱም ወረደ። እህታችን ባትጀምረው ይሻላታል።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ የልፋትህ ዋጋ ሳይገኝ መቅረቱ ያማል። ግን አንተን የጎዳህ የትምህርት ቤቱ ቡድን አይደለም፤ ገንዘብ የሚሰበስብ የግል ክለብ ነው። «ልጅህ ኮሌጅ ይጠራል» ብለው የሚሸጡት እነሱ ናቸው። የሃይስኩል አገር አቋራጭ የሚጠይቀው ጫማና የሐኪም ወረቀት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ቢኖርም አቅም ለሌለው የሚቀነስበት መንገድ ብዙ ቦታ አለ። ግሬዷ ከወረደ ደግሞ አሰልጣኙ ራሱ ያስቀምጣታል። ልጄ እነዚያን አራት ዓመታት የቤት ሥራዋን የምትሠራው አውቶቡስ ውስጥ ነበር፤ ከልምምድ ስትመለስ በልታ በጊዜ ትተኛለች፣ ስልኩን እንኳ አትነካም። ልጅህ አሁንም ኳሱን የሚወደው ከሆነ ለትምህርት ቤቱ ይጫወት። አንተም ሄደህ እየው።

ጠያቂዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቷ ጽሑፉን ሁለቴ አነበበው። የአትላንታውን ወንድማችንን ቃልም አነበበው። ለሐኪሙ ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ስለ ትራንስክሪፕቱም ለእህቴ አዲስ አበባ ደውያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ለመጀመሪያው ውድድር ምን ይዤ ልምጣ? የት ልቁም?

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ደረቅ ካልሲ፣ ፎጣ፣ ውሃ፣ የተላጠ ብርቱካን። ጥቂት መርፌ ቁልፍ ቦርሳሽ ውስጥ አይጥፋ። መድረሻው ላይ አትቁሚ፣ እዚያ ሁሉም ይጮኻል። የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ሲጀምር ዳገት ያለበትን ቦታ ፈልጊ። ከልጅሽ በኋላ የሚመጡትን የቡድኗን ልጆች ስም አስቀድመሽ ጠይቂያትና እነሱንም እየጠራሽ አበረታቻቸው።