ካገባሁ በኋላ ላስት ኔም መቀየር፦ ሁለት ፓስፖርትና አንድ ቢጫ ካርድ አለኝ

ጥያቄ፦ ሔዋን (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። መስከረም ላይ እዚሁ ሜሪላንድ ተጋባን። አዲስ አበባ ተወልጄ ቶሮንቶ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ የካናዳ ዜግነት ወሰድኩ፤ ኋላ ወደዚህ ስመጣ የአሜሪካንም ጨመርኩ። ቢጫ ካርድም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አለኝ። ሦስቱም ላይ ስሜ አንድ ነው፦ የእኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ።

ባለቤቴም ሐበሻ ነው። ልጅ ስንወልድ ሁላችንም አንድ ላስት ኔም ይኑረን ይላል። እኔም አልጠላሁትም። ግን የእሱ ላስት ኔም ማለት የአያቱ ስም ነው። ለገና አዲስ አበባ እንሄዳለን፣ ትኬት ቆርጠናል። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ገና ወደ እኛ ወደ ልጆቹ አልዞረም። የአሜሪካ ፓስፖርቴን ያደስኩት ባለፈው ሚያዝያ ነው። ከየት ልጀምር?

ብርቱካን (ቨርጂኒያ)

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! መጀመሪያ የጋብቻ ሰርተፍኬትሽን ማኅተም ያለበት ቅጂ ከካውንቲው ፍርድ ቤት ክለርክ ሦስት አራት አውጪ። ተራ ፎቶ ኮፒ አይቀበሉም። ከዚያ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደሽ ስምሽን አስቀይሪ። ቅጹ ኤስኤስ-5 ይባላል፣ ክፍያ የለውም፣ ቁጥርሽም አይቀየርም። መንጃ ፈቃድ ከእሱ ቀጥሎ ነው።

ፓስፖርቱን ግን አሁን እንዳትነኪው። አሮጌውን በፖስታ ልከሽ ነው አዲሱን የምትጠብቂው፤ ገና እስኪደርስ ባይመለስስ? ትኬትሽ ላይ ያለው ስም ደግሞ ፓስፖርትሽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። በድሮው ስምሽ ሂጂ፣ በድሮው ስምሽ ተመለሺ።

ስትመለሺ ቶሎ በይ። ፓስፖርቱ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው ስሙ ከተቀየረ በዲኤስ-5504 ቅጽ ያለ ክፍያ ይሠሩልሻል። ዓመቱ ካለፈ ዲኤስ-82 ሞልተሽ 130 ዶላር ትከፍያለሽ። የአንቺ ሚያዝያ ላይ ነው የሚሞላው። በጥር ከላክሽ በቂ ጊዜ አለሽ።

ዳዊት

ለገና ከሄድሽ አይቀር የኢትዮጵያ ፓስፖርትሽንም እዚያው አስቀይሪዋ። ሦስቱም አንድ ላይ ያልቃሉ።

አያሌው (ዋሽንግተን)

ዳዊት ወንድሜ፣ እዚህ ላይ እንተራረም። እህታችን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የላትም፤ ሊኖራትም አይችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ጥምር ዜግነቷ የካናዳና የአሜሪካ ነው። ቢጫ ካርድ ቪዛ ሳይጠየቁ መግቢያና ብዙ መብት የሚያስገኝ መታወቂያ ነው እንጂ ዜግነት አይደለም።

ሔዋን ልጄ፣ እኔን ያሳሰበኝ የአባትሽ ቤት ነው። ነፍሱን ይማር። እዚህ አገር ላስት ኔም የቤተሰብ መጠሪያ ነው። እኛ ዘንድ ግን የአባት ስም የማን ልጅ እንደሆንሽ የሚናገር ማስረጃ ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ስትጠይቂ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው። ሟቹ ታደሰ ወልዴ ነበሩ እንበል። ልጃቸው ሄለን ታደሰ ወልዴ ብላ ስትቀርብ ነገሩ ቀላል ነው። በባሏ ላስት ኔም ሄለን ኃይሉ ብላ ከመጣች ግን ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት አለባት።

ማስረዳት ይቻላል፣ ግን ያደክማል። የጋብቻ ሰርተፍኬቱ በስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ቀጥሎ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎ እዚህ ባለው ኤምባሲያችን ይረጋገጣል። አገር ቤት ደግሞ የእኛው ውጭ ጉዳይ ያየዋል። አንዱ ማኅተም ከጎደለ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። ለገና ስትሄጂ ስምሽ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ነው። ይህን ዕድል ተጠቀሚበት። የወራሽነቱን ማመልከቻ አስገቢ። ጉዳዩን ለሚከታተልልሽ ሰውም እዚያው ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ውክልና ስጪ። የላስት ኔሙ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሌላም አለ። የአንቺ ላስት ኔም የአያትሽ ስም ነው ብለሻል። እንግዲያው ሄለን ታደሰ ወልዴ፣ ሄለን ታደሰ ኃይሉ ብትሆን የአባቷ ስም ከቦታው አልተነሳም። ላስት ኔሙ የአባቱ ስም የሆነበት ሐበሻ ግን ሞልቷል። እንዲህ ያለ ሰው ሲቀይር የሚጠፋው የአባቱ ስም ነው። አንቺ ከዚህ ተርፈሻል። በየቅጹ ላይ የመሃሉን ስም ሙሉውን ጻፊ፤ በአንድ ፊደል እንዳታሳጥሪው።

የትናየት

ጋሽ አያሌው ያሉት እኔ ላይ ደርሷል። ስቀይር የአባቴን ስም ጨርሼ አወጣሁት። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ባንክ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ላወጣ ሄድኩ። ደብተሩ ላይ አንድ ስም፣ ፓስፖርቴ ላይ ሌላ። ሠራተኛዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ደጋግማ አየቻቸውና «እህቴ፣ ይቺ አንቺ ነሽ ብዬ እንዴት ልፈርም?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። የጋብቻ ወረቀቴ አልተረጋገጠም ነበርና ገንዘቡን ሳላወጣ ተመለስኩ። የተረጋገጠ ቅጂ ሁሌም ከቢጫ ካርዱ ጋር ያዢ።

ማህሌት (ቶሮንቶ)

የካናዳውን እኔ ልመልስ። ስም ሲቀየር ቀላሉ የማደሻ ቅጽ አይሠራም፤ እንደ አዲስ አመልካች ሙሉውን ቅጽ ትሞያለሽ። የሚያውቅሽና የሚመሰክርልሽ ሰውም ያስፈልግሻል። ግን ጥድፊያ የለውም። ሌላ ጥምር ዜጋ ወደ ካናዳ ለመብረር የካናዳ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ አሜሪካዊ-ካናዳዊ በአሜሪካው መግባት ይችላል። ቀኑ ሲያልፍ ቀይሪው። ወደ አሜሪካ ስትገቢ ግን ሁሌም በአሜሪካው ነው።

ስለ ልጆቹ፦ እኔ ላስት ኔሜን አልቀየርኩም። በቡፋሎ ድልድይ ወደ አሜሪካ ከልጆቼ ጋር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። የልደት ሰርተፍኬታቸውንና አባታቸው የፈረመበትን የፈቃድ ደብዳቤ እይዛለሁ። «አባታቸው የት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ደብዳቤውን አሳያለሁ፣ አልፋለሁ። ኩቤክ ውስጥማ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴት ስታገባ በተወለደችበት ስሟ ነው የምትቀጥለው፤ እዚያም ልጆች ያድጋሉ። ለልጆቹ ስትይ ብቻ ከሆነ ሳትቀይሪም ይኖራል።

ሔዋን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሽ አያሌው፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ማታ ከባለቤቴ ጋር አነበብነው። «የአባትሽ ስም ከመሃል አይነሳም፣ የቤቱም ጉዳይ ይቅደም» አለኝ። ሶሻል ሴኩሪቲውንም ከጉዞው በኋላ አድርጌዋለሁ። ዛሬ የአባቴን የሞት ምስክር ወረቀትና የልደት ሰርተፍኬቴን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከቢጫ ካርዱ ጋር አድርጌያለሁ። ማህሌት፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ የሚመሰክርልኝ ሰው እዚህ አሜሪካ የሚኖር ካናዳዊ ቢሆን ይሆናል?

ማህሌት (ቶሮንቶ)

ይሆናል። ዕድሜው 18 የሞላ፣ የአዋቂ ካናዳ ፓስፖርት ያለውና ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያውቅሽ ይሁን። መልካም ገና!