ስሙ የት ይጻፍ? የሦስት ወር የወንጌልና የምልጃ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ቅዱሳን፣ ጌታ ይባርካችሁ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁ ይኸው። ለቤተ ክርስቲያኑ የወንጌል ክፍል የምናስገባው መስከረም 20 ነው። ስለዚህ እስከ ሐሙስ ማታ ሐሳባችሁን ስጡ።

ዕቅዱ ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ይቆያል። 38ታችንም ጌታን ያልተቀበሉ የአምስት አምስት ሰዎች ስም ለእኔ እንልካለን። እኔ አንድ ላይ አድርጌ እዚህ ግሩፕ ላይ እለጥፋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ጾመን እንጸልይላቸዋለን። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ደግሞ ታክሲ ተራው ጋ የአደባባይ ስብከት ይኖራል። ሞንታርቦ ኪራይ ለሦስት ጊዜ 12,000፣ ትራክት (የወንጌል በራሪ ወረቀት) ማሳተሚያ 6,000፣ በድምሩ 18,000 ብር። የዕቅዱ ርዕስ "ለማያምኑ ጎረቤቶቻችን" የሚል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝና ውስጥ ያለው 11,400 ነው። ሌላውን እናንተው ጨርሱት።

ከወጣቶች፦ እኔ ሞንታርቦው ይኑር ባይ ነኝ። ብዙዎቻችሁ እንደሚረብሽ ታስባላችሁ። እኔ ግን ወንጌልን መጀመሪያ የሰማሁት ሥራ አጥቼ ተስፋ በቆረጥኩበት ሰዓት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሰውዬውን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ያን ቀን ባይጮህ ኖሮ እኔ እዚህ የለሁም።

የሰንበት ትምህርት አስተማሪ፦ እኔን ቅር ያለኝ ርዕሱ ነው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ሁዳዴን አንድ ቀን ሳታጓድል ትጾማለች። ሌሊት ተነሥታ ስትሰግድ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። "የማያምኑ" በሚል ወረቀት ላይ ስሟን ብታይ ምን ትለኛለች? ጎረቤታችን ሐጂም በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ። እዚህ አገር "አላምንም" የሚል ሰው ፈልጋችሁ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። እኔም ለእናቴ እጸልያለሁ፣ ጌታን በግሏ እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ግን አታምንም ብዬ አልጽፍባትም።

ጸሐፊ፦ ልክ ነሽ። በቤታችን ቋንቋ ስንነጋገር ውጭ ሰው እንደሚያነበው እንረሳለን። "ለጎረቤቶቻችን" ብቻ ይሁን?

የሰንበት ትምህርት አስተማሪ፦ ይሁን፣ እሱ ይበቃል።

እትዬ (ጸሎት ክፍል)፦ ልጆቼ፣ እኔ ስለ ስም ዝርዝሩ ልናገር። ድሮ በነበርኩበት ኅብረት እንዲሁ ዝርዝር ይዘጋጅ ነበር። ከስሙ አጠገብ የጸሎት ርዕስ ይጻፋል፤ "መጠጥ"፣ "ትዳሩ"፣ "ጠንቋይ ቤት ትሄዳለች" እየተባለ። አንዱ ወረቀቱን በስልኩ አነሳው፣ ለሌላው ላከው፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው እጅ ገባ። ሰውየው ጎረቤቴ ነበር። ስሙን የሰጠሁትም እኔ ነበርኩ። ደጄ ላይ ቆሞ "ለካ ቡና የምትጠሪኝ ለዚህ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቤቴን አልረገጠም።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ግማሹ የጸሎት ርዕስ ሐሜት ነው። አይናችንን ስለጨፈንን ብቻ ጸሎት አይሆንም። ጌታ ወደ እልፍኝህ ገብተህ በርህን ዝጋ ብሎ የለ? ስሙን እዚያው እልፍኝ ውስጥ እንተወው።

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ ታዲያ አብረን እንዴት እንጸልይ? ዝርዝር ከሌለ ረቡዕ ተሰብስበን ምን እንላለን?

እትዬ፦ ሁሉም በየደብተሩ ይጻፍ። ሁለት ሁለት ሆነን እንመደብ። ለጓደኛሽ "ሦስተኛዋ ሴትዮ ልጇ ታሟል" ትያታለሽ፣ በቃ። ስም የለ፣ ሰፈር የለ። ጌታ ማን እንደሆነች ያውቃል።

ከዱባይ፦ ከሩቅ ብሆንም ልግባበት። እዚህ ሙስሊም ለሆነ ሰው ትራክት መስጠት በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ የቀረኝ ጸሎትና ጠባይ ነው። ልጆቹ ሲተኙ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ለማዳምና ለቤተሰቡ እጸልያለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። ስለ እምነቴ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው ወር እናቷ ታመው ሆስፒታል ሲገቡ "አንቺ ትጸልያለሽ አይደል? ለእናቴም ጸልይላት" አለችኝ። በምን እንዳወቀች አላውቅም። አብረን አለቀስን። ሌላ ነገር አልተፈጠረም፣ የምስክርነት ሰዓት ላይ የሚነገር አይደለም። ግን እሷም በረቡዑ ጸሎት ብትታሰብልኝ።

እትዬ፦ ትታሰባለች የኔ ልጅ። አንቺ ከእኔ ጋር ተመደቢ።

ሰብሳቢ፦ ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። ሁሉንም አነበብኩ።

ስለ ሞንታርቦው ከወጣቱ ጋር አልጣላም፤ ጌታ በዚያም ሠርቷል፣ ምስክሩ ራሱ ነው። ግን የወላይታውን ታሪክ አስታውሱ። ጣሊያን አገራችንን ወርሮ ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1937 ወላይታን ሲለቁ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ጣሊያን ወጥቶ ሲመለሱ 10,000 ገደማ ሆነው ጠበቋቸው። በቋንቋቸው የነበራቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ናቸው። እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። አማኞቹ ለታሰሩ ወንድሞቻቸው ስንቅ ሲያደርሱ ግን ሌላው እስረኛም ከዚያው ይበላ ነበር። የአገሬው ሰው "እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው?" ያለው ያን አይቶ ነው። ጥያቄው ከሰሚው ሲመጣ መልሱ ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመር። ለገና ማዕድ ስናጋራ በዱቄቱና በዘይቱ ፌስታል ውስጥ ትራክት አይገባም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ማንም ሰው በእምነቱ እንዳይገደድ ይላል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ የተራበ ሰው ዘይት ይዞለት ለመጣ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። እንዲህ ያለ እሺታ ደግሞ እሺታ አይባልም።

ከወጣቶች፦ ጋሼ፣ እሺ። ግን ፈራን ብለን ዝም እንዳንል። "ጸሎት እያደረግን ነው" ማለት ለብዙዎቻችን ጥሩ መደበቂያ ነው። እኔ ራሴ ቢሮ ውስጥ አብሮኝ ለሚቀመጠው ልጅ ሁለት ዓመት ጸልያለሁ፣ አንድ ቀን አላወራሁትም።

ሰብሳቢ፦ ይሄ ይመዝገብ። ውይይቱ ውስጥ ጠንካራው ነጥብ ይሄ ነው።

የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን አባት የአውግስጢኖስን እናት ሞኒካን ታውቋታላችሁ። አንድ ጳጳስ ጋ ሄዳ "ልጄን አነጋግርልኝ፣ ተከራከርልኝ" ብላ አስጨነቀችው። እሱ ግን አሁን አይሰማም፣ ተዪው፣ ጸልዪለት ብሎ መለሳት። ከዓመታት በኋላ ልጇ እ.ኤ.አ. በ387 ፋሲካ ሚላን ላይ ተጠመቀ፣ እሷም በዚያው ዓመት አረፈች። ጳጳሱ ጊዜውን አውቆ ዝም አለ። እኛ ዝም የምንለው ጊዜውን አውቀን ነው ወይስ ፈርተን? ያንን እያንዳንዱ ከጸሎት ጓደኛው ጋር ይነጋገር። በወር አንዴ "ከአምስቱ ማንን አነጋገርክ?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይኑረው።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የተስተካከለው ይኸው። ርዕስ፦ "ለጎረቤቶቻችን"። ስም በየግል ደብተር፣ እዚህ ምንም ስም አይለጠፍም። ጸሎት ሁለት ሁለት ሆነን፣ ረቡዕ በጋራ ጾም። በወር አንዴ ጓደኛ ጓደኛውን ይጠይቃል። እያንዳንዳችን በሦስት ወሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጎረቤት ቤታችን ቡና እንጠራለን፤ ስለ ጌታ የምናወራው ከጠየቁን፣ ወይም አስፈቅደን ነው። በትራክት ፋንታ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጥ የዮሐንስ ወንጌል ከመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እንገዛለን፣ 2,000። የገና ማዕድ 6,000። ደብተር 1,200። ድምር 9,200።

የአደባባዩ ስብከት ላይ አልተስማማንም። ያለ ሞንታርቦ በመዝሙር ብቻ አንድ ቀን ይሞከር የሚል ሐሳብ በውስጥ መስመር ደርሶኛል። እሁድ ድምፅ እንስጥበት።

ከወጣቶች፦ በመዝሙር ከሆነ ጊታሩን እኔ አመጣለሁ። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። ከአምስቱ አንዱ "ጸሎትህን ለራስህ አድርገው" ብሎ ያባረረኝ ሰው ቢሆን ይቆጠራል?

እትዬ፦ ይቆጠራል። ግን እንደምትጸልይለት ደግመህ አትንገረው።

ገንዘብ ያዥ፦ 38 ደብተር በ1,200 ይገኛል አይገኝም፣ ነገ መርካቶ ወርጄ ዋጋ አጣራለሁ። ትንሹ ኪስ ውስጥ የሚገባው ይሻላል አይደል?