«ቅድሚያ ይወሰዳል እንጂ አይሰጥም»

የቄራው፦
ትናንት ጠዋት በሚኒባስ ስሄድ በተከፈተው ሬዲዮ አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ መምህር ቀርበው፣ «በአዲስ አበባ መስቀለኛ መንገድ ቅድሚያ ይወሰዳል እንጂ አይሰጥም፤ ይህን ያላወቀ እስኪመሽ ቆሞ ይውላል» አሉ። አዘጋጁ ሳቀ፤ ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ የቆየው ግን እስከሚቀጥለው መብራት ድረስ ነው። ሾፌራችን መብራቱ ከቀላ በኋላ ከፊቱ የነበረውን መኪና ተከትሎ ሲገባ፣ አረንጓዴ በርቶለት ከግራ የመጣ አይሱዙ ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ይዞ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ረዳታችን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሰደበው ሕግ አክብሮ የመጣውን ሰው ነበር። እንዲህ የሚያስተምሩ ሰዎች ማሰልጠኛ ውስጥ ምን ይሠራሉ?

የሚኒባስ ሰው፦
ወንድሜ፣ መምህሩ የተናገሩት ያለውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። አረንጓዴ ሲበራልኝ መጋጠሚያው በሌላው ወገን መኪኖች ተደፍኖ አገኘዋለሁ፤ መንገዱ ሳይለቀቅ ቀዩ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከቆምኩ በኋላ በአራተኛው እገባለሁ፤ አልዋሽም። ማታ ለባለንብረቱ የማስገባው ገንዘብ የመብራቱን ቀለም አይጠይቅም።

አንቀጽ፦
«ይወሰዳል» የምትለው ቃል ቀላል አይደለችም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ተራ ጥፋተኛ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል። ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ግልጽ የሆነን ደንብ አውቆ በመጣስ ለሞት ምክንያት የሆነ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይፈረድበታል። ቅድሚያ የሌላው መሆኑን እያወቀ «እወስደዋለሁ» የሚል አሽከርካሪ፣ ዐቃቤ ሕግ በስንት ድካም የሚያስረዳውን «አውቆ» የሚለውን ነገር በገዛ አፉ እየመሰከረ ነው።

የሚኒባስ ሰው፦
እህቴ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ገጭቼ አላውቅም።

አንቀጽ፦
አልገጩም ጋሼ፤ እንኳን አልሆነ። ነገር ግን ትናንት የቄራውን ወንድማችንን ያዳነው የእርስዎ ዓይነት ልምድ አይደለም፤ የአይሱዙው ፍሬን ነው። ወሳጅ የሚኖረው ሌላው ስለሚሰጥ ነው።

ከዋሽንግተን፦
እዚህ ከተማ ታክሲ እነዳለሁ። ቀይ የጣሰ ሰው በካሜራ ተነሥቶ የ150 ዶላር ቅጣት ከነፎቶው በፖስታ ቤቱ ይላክለታል፤ ክርክር የለም፣ ልመና የለም። የእኛው አገር ልጆች ሌሊት ሰው በሌለበት የቁም ምልክት ላይ ቆመው ግራ ቀኝ ያያሉ። አዲስ አበባም ካሜራ ይተከል፤ በዓመቱ ይህ ክርክር ይቀራል።

የጋራዡ፦
እነዚያው ልጆች ለገና መጥተው መኪና ሲከራዩ ግን በሳምንቱ ከእኛ ብሰው ያርፋሉ፤ የተከራዩትን መኪና በር የምናቃናው እኛ ነንና አውቃለሁ። ደግሞስ ካሜራው ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ምን ያነሣል? መብራቱ ራሱ ይጠፋ የለም ወይ? በርቶም ቢሆን ትራፊክ ፖሊሱ ቆሞ በቀይ እለፉ፣ በአረንጓዴ ቁሙ ይላል፤ በደንቡ የእሱ እጅ ስለሚበልጥ ጥፋት አይደለም። አሽከርካሪው ግን ዓይኑ ሰውየውን መፈለግ ለመደ። ሰውየው ምሳ ሲሄድ መብራቱ ጌጥ ይሆናል።

ከዋሽንግተን፦
የእኔ አስተያየት ስለ ካሜራ እንጂ ስለ ኪራይ መኪና አልነበረም።

የጋራዡ፦
የእኔም ስለ ካሜራ ነው። ያለ ካሜራ መቆም የማይችል ሰው መቆም አልተማረም ማለቴ ነው። እግረ መንገዴን፣ ቢጫ ሲያይ ነዳጅ ለሚረግጠው ልንገረው፤ ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የጨመረ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ የሚንሸራተተው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ገልባጭ ሲኖትራክን ከነአሸዋው አስቡት።

የዕፀ ሕይወት እናት፦
ሁላችሁም ስለ መኪና ስታወሩ ቆያችሁ። የእህቴን ልጅ የገጫት መኪና ቀይ አልጣሰም። ዜብራ ላይ አንዱ ቆሞ በእጁ «እለፊ» አላት፤ ከጎኑ ያለው መስመር ላይ የነበረው «ይሄ ምን ቆመ?» ብሎ ቀደመው፤ እሷ ደግሞ የቆመው መኪና ጋርዷት አላየችውም። እግሯ ውስጥ ብረት ገብቶ ሰባት ወር ተኛች። ከዚያ ሽማግሌ ተላከ። «ክፉ ቀን ነው፣ የልጅ አባት ነው» ተባለ፤ እኛም ታረቅን። ሰውየው በሳምንቱ መሪ ይዞ ነበር።

የሚኒባስ ሰው፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ እመቤቴ። ሽምግልናውን ግን አይንቀፉት። የታሰረ ሰው ማን ያሳክማታል?

የዕፀ ሕይወት እናት፦
አልነቀፍኩም፤ ማስታረቅ የአባቶቻችን ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ እሱ ልጆች ሲነግሩን አንድም ሰው «ለምን ቀደምክ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው የሚቆጨኝ። መድኑ የከፈለው ከፈለ፤ ጥያቄው ግን አልተነሣም።

አንቀጽ፦
ዕርቅ ካሣን ይነካ ይሆናል እንጂ የወንጀሉን ጉዳይ በራሱ አይዘጋም። ምስክር ቃሉን ሲለውጥ ግን መዝገቡ ባዶ ይቀራል፤ ይህም «ይወሰዳል» ከሚለው ትምህርት የባሰ ትምህርት ነው።

የሚኒባስ ሰው፦
እሺ፣ ሁሉም በሾፌር ላይ ወረደ። አንድ ጥያቄ ለቄራው ወንድሜ አለኝ፦ ሾፌሩ ቀዩን ሲጥስ «ወራጅ አለ» ብለው ወረዱ?

የቄራው፦
አልወረድኩም። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር።

የሚኒባስ ሰው፦
ከኋላ «ምን ይጎተታል፣ አይነዳውም እንዴ!» ያለ ተሳፋሪስ አልነበረም?

የቄራው፦
ነበረ። እኔ አይደለሁም።

የሚኒባስ ሰው፦
እርስዎ አይደሉም፤ እሺ። እኔም ጠዋት ጠዋት የሚሉኝን ሰዎች መልክ አላውቀውም፤ ከኋላ ነው የሚሉት።

አንቀጽ፦
ተሳፋሪ መሪ አልያዘም ጋሼ፤ በ543 አይከሰስም። ወደ መምህሩ እንመለስ።