በሌላ ባንክ ኤቲኤም ከሒሳቤ ተቀንሶ ያልወጣልኝ ገንዘብ፦ አቤቱታዬን የሚቀበለው የትኛው ባንክ ነው?

የካራዋ (ጠያቂ)

ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ለገና የሚያስፈልገኝን ቅቤና ሽንኩርት ሳይወደድ በማግስቱ ልግዛ ብዬ፣ መገናኛ ከሚገኝ ኤቲኤም 4,000 ብር ለማውጣት ሞከርኩ። የራሴ ባንክ ማሽን እዚያው አጠገቡ ቢኖርም አገልግሎት አይሰጥም ነበርና የተጠቀምኩት በሌላ ባንክ ማሽን ነው። ማሽኑ ብር ሲቆጥር የሚያሰማውን ድምፅ ካሰማ በኋላ የብር መውጫው ሳይከፈት ካርዴን መለሰልኝ፤ ደረሰኝም አልሰጠኝም። ገና ከማሽኑ ፊት ሳልርቅ 4,000 ብርና የአገልግሎት ክፍያው ከሒሳቤ መቀነሱን የሚገልጽ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባንኬ ቅርንጫፍ ሄጄ ተራ ቁጥር ወሰድኩ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተራዬ ሲደርስ «ማሽኑ የእኛ ስላልሆነ ባለቤቱን ጠይቂ» ተባልኩ። ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ባለማሽኑ ባንክ ስሄድ ደግሞ «ካርዱ የእኛ ስላልሆነ ባንክሽን ጠይቂ» አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ባንኬ የተመለስኩበት ቀን ሲስተም አልነበረም። በአራተኛው ፎርም አስሞልተው ሸኙኝና ከዐሥር ቀን በኋላ የተሰጠኝ መልስ «በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት የተደረገ ወጪ አልተገኘም» የሚል ነው። የተቀነሰበት መልእክት በእጄ እያለ ወጪው አልተገኘም የሚባለው እንዴት እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ጨዋና ታጋሽ እንደነበረች ግን ሳልመሰክር ማለፍ አልፈልግም፤ መልሱን የጻፈችው እሷ አይደለችም።

ዛሬ ጥር 14 ነው፤ ገናም ጥምቀትም አለፈ። ተጠያቂው የትኛው ባንክ ነው? ለአምስተኛ ጊዜ ከሥራ ከማስፈቀዴስ በፊት ምን ይዤ መሄድ አለብኝ?

የቀድሞ የካርድ ክፍል ሠራተኛ

አቤቱታዎን መቀበል ያለበት ካርዱን የሰጠዎት ባንክ ነው። የባለማሽኑ ባንክ ስለ እርስዎ የሚያውቀው የካርዱን ቁጥርና የወጪውን መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስምዎም ሒሳብዎም እርሱ ዘንድ የለም፣ ገንዘቡን ወደ ሒሳብዎ ሊመልስልዎ የሚችልበት መንገድም የለውም። በመጀመሪያው ቀን «ባለቤቱን ጠይቂ» መባልዎ ስሕተት ነበር።

ነገሩ የሚበላሽበትን ቦታ ላስረዳ። በሌላ ባንክ ማሽን ገንዘብ ሲጠይቁ ጥያቄው ከማሽኑ ባለቤት ተነሥቶ፣ ባንኮቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል አልፎ፣ ወደ ባንክዎ ይደርሳል። ባንክዎ ቀሪ ሒሳብዎን አይቶ 4,000 ብሩን ይቀንሳል፣ ከዚያም በመጣበት መንገድ «ይሰጥ» የሚል ፈቃድ ይልካል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ብሩ ከማሽኑ ከመውጣቱ በፊት መሆኑን ልብ ይበሉ። ፈቃዱ ከደረሰ በኋላ ብር ቢቀረቀር ማሽኑ «አልሰጠሁምና ይመለስ» የሚል መልእክት መላክ አለበት፤ በዚያች ቅጽበት መስመር ከተቋረጠ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቅነሳውም እንደጸና ይቆያል። እንዲህ ያለው በሰው እጅ የሚፈታ ነው። የማሽኑ ባለቤት ብር ሲሞላ በውስጡ የቀረውን ቆጥሮ ከማሽኑ መዝገብ ጋር ሲያስታርቅ ትርፍ 4,000 ብር ያገኛል፤ ከባንክዎ ጥያቄ ሲደርሰውም ይመልሳል። ስለዚህ ብርዎ ጠፍቷል ብዬ አላስብም፤ ጠያቂ ያልመጣለት ትርፍ ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል።

እኔን ያሳሰበኝ «አልተገኘም» የሚለው መልስ ነው። በፎርሙ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን እንዴት አድርገው ጻፉት?

የካራዋ

ቀኑን «18/4/2017»፣ ሰዓቱን ደግሞ «3:40» ብዬ ነው የጻፍኩት። ከምሽቱ ለማለት ነው፤ በሌላ መንገድ ሊጻፍ ይችላል ብዬም አላሰብኩም።

የቀድሞ የካርድ ክፍል ሠራተኛ

እንግዲያው ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል። ማሽኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይመዘግብም፤ ለእርሱ ያ ምሽት ዲሴምበር 27 ቀን 2024፣ ሰዓቱም 21:40 ነው። ፎርምዎን የተቀበለው ሰው የጻፉትን እንዳለ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ካስተላለፈው፣ እዚያ ያለው ሠራተኛ የፈለገው በማሽኑ አቆጣጠር 03:40፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 9:40 ላይ የተደረገ ወጪ ነው፤ ቀኑንም ኤፕሪል 18 ቀን 2017 ብሎ አንብቦት ከሆነ የፈለገው ከሰባት ዓመት በፊት የነበረን ወጪ ነው ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ በዚህ ምክንያት ብቻ ውድቅ ሆነው የተመለሱ ፎርሞችን አይቻለሁ።

በስልክዎ የደረሰውን መልእክት እንዳያጠፉት። ወጪው የመለያ ቁጥር ካለው ሰዓትና ቀን መፈለግም አያስፈልግም፤ መልእክቱ ላይ ባይኖር ከሒሳብ መግለጫዎ ያገኙታል። ካርድዎን፣ መልእክቱን ወይም መግለጫውን፣ የማሽኑንም ትክክለኛ ቦታ ይያዙ፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት።

ሌሊት ተረኛ

በእኔ የደረሰው ከዚህም የባሰ ነበር። ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ፣ በማመልከቻዬ ላይ ሰዓቱን በትክክል 01:00 ብዬ ለውጬ ቀኑን ግን ማክሰኞ ብዬ ተውኩት። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለማሽኑ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ረቡዕ ገብቷል። ይህን ያወቅሁት ሁለት ወር ከተመላለስኩ በኋላ ነው።

አቤት ባይ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ሁላችንም ጥፋቱን ቀስ በቀስ ወደ ጠያቂዋ እያዞርነው ነው። አንዲት ደንበኛ በአገሯ ቀንና በአገሯ ሰዓት ፎርም ስለሞላች ገንዘቧ ሊታጣ አይገባም። ፎርሙን ያዘጋጀው ባንክ ነው፤ «ሰዓት» ከሚለው ባዶ ቦታ አጠገብ ቀን ወይስ ማታ የሚል መጠየቂያ ለማስገባት አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ፎርሙን የተቀበለው ሠራተኛም አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው፤ 3:40 ሲል ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

ስለዚህ እህቴ፣ በዚህ ጊዜ ፎርም ብቻ ሞልተሽ እንዳትመለሺ። የሆነውን ሁሉ፣ የተመላለስሽባቸውንም ቀናት ጨምረሽ፣ በማመልከቻ ጻፊና በሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፤ አንዱን ይቀበሉ፣ ሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ማኅተም ያሳርፉበት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን ስለ መጠበቅ ባወጣው መመሪያ ባንኮች የደንበኛን ቅሬታ ተቀብለው የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ግዴታ አለባቸው። ባንክሽ መፍትሔ ካልሰጠሽ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘሽ ወደ ብሔራዊ ባንክ ማለት ትችያለሽ። ያለ ቅጂ ከሄድሽ ግን መጀመሪያ የምትጠየቂው «ለባንክሽ አመልክተሻል ወይ?» የሚለውን ነው።

የቀድሞ የካርድ ክፍል ሠራተኛ

በዚህ እስማማለሁ፤ ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ ለማላከክ አልነበረም። እኛም ፎርሙ እንዲሻሻል ጠይቀን ነበር፤ የታተመው ሳያልቅ አዲስ አይታተምም ተባልን።

የካራዋ

ለሰጣችሁኝ ምክር አመሰግናለሁ። ዛሬ በምሳ ሰዓት ሄጄ ነበር። መልእክቱን ለዚያችው ልጅ አሳየኋት፤ የመለያ ቁጥሩን ስታስገባ ወጪው ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተገኘ። እሷ ራሷም ደነገጠች፤ ባለፈው ጊዜ ቁጥሩን እንድትጠይቀኝ ማንም እንዳልነገራት ገለጸችልኝ። ማመልከቻዬን በሁለት ቅጂ አስገብቼ ማኅተም አስደርጌአለሁ፤ ማኅተሙ ያለው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። 4,000 ብሩ ከባለማሽኑ ባንክ ማረጋገጫ እንደመጣ ወደ ሒሳቤ እንደሚገባ ተነግሮኛል፤ መቼ እንደሆነ ግን ሊነግሩኝ አልቻሉም።

የአገልግሎት ክፍያውን ለማስመለስ ደግሞ ሌላ ፎርም አለው።