«ሻምበላችን ጉሮሮውን ያመዋል» በአማርኛ ምን እንበለው?

ሰም ፈላጊ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ ብሎኛል። የምኖረው ጀርመን አገር ነው። ጎረቤቴ ጀርመናዊ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ የኛው ልጅ ናት። የአያቱን የጦር ሜዳ ማስታወሻ እናቷ እንዲያነቡት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በ1942 (ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው) ሩሲያ ሆኖ እንዲህ ጽፏል፦ «ሻምበላችን ጉሮሮውን ያመዋል። ነገም ሰው እናጣለን።»

መጀመሪያ ብርድ መታው ብዬ ተረጎምኩት። ሳጣራ የወታደር ቋንቋ ሆኖ ተገኘ። «የፈረሰኛ መስቀል» የሚባለው ኒሻን የሚታሰረው አንገት ላይ ነው። ያንን ለማግኘት የቋመጠ አዛዥ «ጉሮሮውን ያመዋል» ይሉታል። ኒሻኑ እስኪታሰርለት አይሻለውም እንደ ማለት። እንዴት ልበለው?

ወለተ ሐና፦
«ክብር ጠማው» በለው። ጥማትም ያው ጉሮሮ ላይ ነው።

ቆሎ ተማሪ፦
«አንገቱን ይበላዋል» አይሻልም? ልጅ ሲያስቸግር «ጀርባውን በልቶታል» እንል የለ? ዱላ አምሮታል ለማለት።

ወለተ ሐና፦
ወንድሜ፣ ጀርባውን የበላው ልጅ የሚመታው ራሱ ነው። እዚህ ግን የሚያመው ሻምበሉ፣ የሚሞተው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ተመልከተው። «ይበላዋል» ካልክ ቅጣቱን ወደ ሻምበሉ አዞርከው።

ቆሎ ተማሪ፦
እሱስ ልክ ነሽ። ግን «ጠማው» ደግሞ አከበረው። ጽድቅም እኮ ይጠማል።

ሰም ፈላጊ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አያትየው ራሱ የዚያው ኒሻን ዝቅተኛ ደረጃ የሆነው «የብረት መስቀል» ሁለተኛ ደረጃ ነበረው። ጎረቤቴ ሣጥኑን ከፍቶ አሳየኝ። መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው የብር ጠርዝ። ፊቱ ላይ የናዚው ምልክትና 1939፣ ጀርባው ላይ 1813። ማግኔት ሲያስጠጋለት ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። አጠገቡ ምልክቱ ወጥቶ የባሉጥ ቅጠል የገባበት ሌላ አለ። ምዕራብ ጀርመን በ1957 ባወጣችው ሕግ እንዲደረግ የተፈቀደው ይሄኛው ነው።

የደብሩ መሪጌታ፦
ልጆቼ፣ አስቀድመን ስሙን እናጥራ። በግእዝ ብርት ናስ ነው። «ሰበረ ኆኅተ ብርት» ስንል የናሱን ደጅ ነው። ብረት የምትሉት ኀጺን ነው። ስለዚህ መስቀለ ኀጺን በሉት።

ፊደል ጠባቂ፦
የኔታ፣ አንባቢዋ እናት የሚያውቁት ብረት እኮ ብረት ነው። ግን ነገርዎ ቁም ነገር አለው፤ ይህ ኒሻን ያለ ብረት ትርጉም የለውም። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም 3ኛ ያቆመው በመጋቢት 1813፣ በናፖሊዮን ላይ ሊነሣ ሲል ነው። አገሩ ተራቁቷል። ሴቶች የወርቅ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጥተው የብረት ቀለበት ያጠልቁ ነበር። ንድፉን ወደ መጨረሻው መልክ ያመጣው ሺንከል የተባለው አርክቴክት ነው። እስከዚያ ከፍ ያለ ኒሻን የመኮንንና የመኳንንት ነበር። ይሄ ግን ለተራ ወታደርም ተሰጠ። ርካሽ ብረት መሆኑ ራሱ ነው ክብሩ። በ1870፣ በ1914 እና በ1939 እየታደሰ መጣ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግን ከሚሊዮኖች ደረት ላይ ዋለ። ሲበዛ ክብሩ ቀነሰ፤ በ1939 የአንገቱ፣ የፈረሰኛ መስቀሉ፣ ተጨመረ። ጉሮሮ ማመም የመጣው ከዚያ ነው።

ቆሎ ተማሪ፦
መስቀል ራሱ ከ«ሰቀለ» ነው። ኒሻንም የሚሰቀል ነገር ነው። እና «ኒሻን ሊሰቅል ያምረዋል» ብንልስ?

ፊደል ጠባቂ፦
አንደኛ ደረጃው አይሰቀልም። በግራ ደረት ላይ በመርፌ የሚሰካ ነው፤ ጥብጣብ የለውም። ጥብጣብ ያለው ሁለተኛው ነው። እሱም ቢሆን መስቀሉ ከተሰጠበት ቀን በኋላ ይቀመጥና በአዘቦት ቀን ጥብጣቡ ብቻ በቁልፍ ቀዳዳ ይታሰራል።

ወለተ ሐና፦
ኒሻን የፋርስ ቃል ነው። ምልክትም ዒላማም ማለት ነው። ሻምበሉ ለምልክቱ ሲል ልጆቹን ዒላማ አደረጋቸው። እኔን ይሄ ነው የነካኝ።

ደጀ ሰላም፦
የእነሱ ወታደር ስም ማውጣት ያውቅበታል። ለ1941/42ቱ የሩሲያ ክረምት የተሰጠውን ሜዳሊያ «የበረደ ሥጋ ኒሻን» ብለውታል። ስንቱ ጣቱንና እግሩን በብርድ አጥቷል። ይህን ጨዋታ ብለን አንለፈው። ደግሞ አንድ ነገር አንርሳ፦ ለሂትለር በ1918 አንደኛ ደረጃው እንዲሰጠው ሐሳብ ያቀረበው መኮንን ሁጎ ጉትማን አይሁዳዊ ነበር። ራሱም ይህንኑ መስቀል ተሸልሟል። ኋላ ከአገሩ ሸሽቶ አሜሪካ ገባ።

ሰም ፈላጊ፦
ይህን ለጎረቤቴ አነብለታለሁ። ቅዳሜ ወረቀቱን ለእናቷ እንልካለን። ለጊዜው «ጉሮሮውን ያመዋል» ብዬ እንዳለ ትቼዋለሁ። ከግርጌ ስለ አንገቱ ኒሻን ሁለት መስመር ጽፌያለሁ። ከቅዳሜ በፊት የተሻለ ያገኘ ይጻፍልኝ።

ፊደል ጠባቂ፦
የኔታ፣ ይቅርታ፤ ኀጺን በብዙኃኑ ኀ ነው ወይስ በሐመሩ ሐ? በሁለቱም ተጽፎ አይቻለሁ።

የደብሩ መሪጌታ፦
በብዙኃኑ ነው ልጄ። ተከራካሪ ካለ ይምጣ።

ቆሎ ተማሪ፦
አለሁ የኔታ። የኛ መምህር በሐመሩ ነበር ያስጻፉን።